ወንዙ መሃል የተዘረጋው ጥሎሽ

እኛ አገር ዝናቡ የሚዘንበው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ ጎርፉ ግን ለእኛ ይደርሰናል። ወይጦ ሸለቆ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ላይ ተራራው ጋ የዘነበው ዝናብ ማንንም ሳያስፈቅድ በደረቁ ወንዝ ከተፍ ይላል። ከዚያ በፊት ወንዙ ወንዝ አይመስልም፤ አሸዋ ነው። ፍየል ይተኛበታል፣ መኪና ያልፍበታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። ሽማግሌ የተሰበሰበበት ዕለት ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ሙሽራዋ እኔ ነበርኩና።

ስሜ ዘነበች ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በዚያን ቀንም የሳቀ አልጠፋም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ ማግስት ነው። ድርቁ ሸለቆውን ሲፈጀው ወንዞቹም አብረው ጠፍተው ነበር። የሸለቆው ነባሮች የሆኑት የፀማይ እረኞች አሸዋውን ቆፍረው ቆፍረው፣ ራሳቸው እንኳ እስከማይታይ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነበር ለከብቶቻቸው ውሃ የሚያወጡት። ሰው ደግሞ የሚፈራውን ነገር ጥቂት ዓመት ካላየው የሞተ ይመስለዋል። ጎርፍ የሚባለውን ነገር ሁላችንም ቀብረነው ነበር፤ ለቀስተኛ ብቻ ነው የቀረው።

እኔ ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አያቶቼ ከሸዋ ጠመንጃ ተሸክመው የመጡ ናቸው፤ አባቴ ጠመንጃውን አልወረሰም፣ ኩራቱን ግን አንድም ሳይጎድል ወርሷል። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ «ይበቃታል» አለ። ለእሱ መሰለኝ የበቃው፤ እኔን አልጠየቀኝም። ብዙም ሳይቆይ ባል ተገኘልኝ። ታደሰ ይባላል፤ ወይጦ ከተማ ከአባቱ ከአቶ ገብሬ ጋር ሱቅ ያለው ልጅ ነው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹን አጅቦ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ነበር። ጫማው ጥሩ ነበር። ስለ ባሌ የማውቀው ይኸው ነው።

ከፍቶኝ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ቆርቆሮ ቤት አለው፣ መደርደሪያው ሙሉ ጨርቅ ነው ተብያለሁ። እናቴ የተዳረችው ከዚህ ባነሰ ወሬ ነው። እንዲያውም ጓደኞቼ ቀንተውብኝ ነበርና የእነሱ ቅናት ለእኔ እንደ ፍቅር ሆኖልኝ ነበር።

በወጉ ሙሽራው ራሱ ጂንካ መጥቶ፣ ጥሎሹን አባቴ ፊት ዘርግቶ፣ ዘፈን ተዘፍኖ ሊወስደኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከቦታ ቦታ ለመሄድ ይለፍ ያስፈልግ ነበር፤ በወይጦ በኩል ይለፉን የሚፈርመው ሹም ደግሞ ስብሰባ ሄዷል። ስብሰባው ስለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ የታደሰን ሰርግ እንደማይመለከት እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌዎች መከሩና ጂንካ ያሉት ሚዜዎች ይዘውኝ እንዲወርዱ፣ ታደሰም ወይጦ ዳር ላይ እንዲቀበለኝ ተስማሙ። አባቴ እሺ ያለው ጥርሱን ነክሶ ነው። እኔን በእጁ ይዞ የሚያስረክብ፣ በእኔ ፋንታም የሚናገር ታናሽ ወንድሙን ጋሼ ማሞን ላከ። ጋሼ ማሞ የአባቴን ኩራት በእጥፍ የያዘ ሰው ነው።

መኪናው ከአንድ መሥሪያ ቤት በልመና የተገኘ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ዳንኤል የአሪ ሰው ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ መጠጥ አይቀምስም፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ መዝሙርም ጮክ ተብሎ አይዘመርም ነበርና መንገዱን ሁሉ በአፍንጫው ሲያዜም ነው የነዳው። እኔ ጭነቱ ላይ፣ ከጠጁ ጀሪካኖች፣ ከአጃቢ ሴቶችና ከአክስቴ ከእትዬ በላይነሽ መካከል ተቀምጫለሁ። የእትዬ በላይነሽ ሥራ አንድ ነው፤ አንገቴን መያዝ። ቀና ባልኩ ቁጥር «ድፊ» ትለኛለች። ሙሽራ ቀና ብላ ካየች ዓይን አውጣ ናት። ቀይ አፈር የምትባለውን ከተማ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ያንን የሚያህል ሸለቆ ከፊታችን ሲከፈት እኔ ያየሁት የራሴን ጉልበት ነው።

ወይጦ ለመግባት አንድ ደረቅ ወንዝ ቀረን። አንድ ዘፈን ሳያልቅ የሚሻገሩት አሸዋ ነው። ያን ጊዜ ተሻግረን ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር፤ ዛሬ ወይጦ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካ ነበር።

«አቁም» አለ አንደኛ ሚዜው ሽፈራው። «ሙሽራ አቧራ ለብሳ አትገባም።»

መኪናው ዳር ላይ ቆመ። ሴቶቹ ፊቴን አጠቡኝ፣ ልብሴን ቀየሩልኝ፣ በዚያ የወይጦ ሙቀት ካባ ደርበው ዓይነ ርግብ ጣሉብኝ። በማዶ የሙሽራው ወገን ከበሮ እየመታ ወጣ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቆሙ። እኛም እንደቆምን ነን።

«ምን ይጠብቃሉ?» አለ ሽፈራው።

«እኛን ነው እንጂ ምን ይጠብቃሉ» አለ ጋሼ ማሞ። «እኛ ደግሞ እነሱን እንጠብቃለን። ሙሽራው ጂንካ ድረስ አልመጣም፤ ይለፍ ነው ተባለ፣ እሺ አልን። ይቺን አሸዋ ለመሻገርም ይለፍ ያስፈልጋል ወይ ብለህ ጠይቃቸው።»

ሽፈራው በሱፍ ልብሱ አሸዋውን እየረገጠ ተሻገረ። ተመልሶ መጣ። «አቶ ገብሬ ምን አሉ መሰላችሁ፤ ሙሽራ ወደ ቤት ትመጣለች እንጂ ቤት ወደ ሙሽራ አይሄድም።»

«ቤቱን ማን ጠራው? ልጁን ነው የምንለው።»

ሽፈራው እንደገና ሄደ። እንደገና ተመለሰ። ጫማው ውስጥ አሸዋ ገብቶ ማንከስ ጀምሮ ነበር። የወዲያኞቹ «ደጅ ድረስ ወጥተን በፀሐይ ቆመናል፤ ከዚህ በላይ ውርደት ነው» ይላሉ። የወዲህኞቹ «እኛ ከጂንካ መጥተን እናንተ ከደጃችሁ ትኮራላችሁ» ይላሉ። ከበሮው አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይመታል። እኔ ካባዬ ውስጥ ልቀልጥ ደርሻለሁ። በመካከላችን ያለው ነገር አሸዋ ብቻ ነበር፤ ክብር የሚባለው ነገር ግን ከአሸዋ ይልቅ ለመሻገር ያስቸግራል።

ከኋላችን፣ ከመጣንበት ተራራ ላይ፣ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ነበር አሉ። አሉ ነው የምለው፤ እኔ የማየው የራሴን ጫማ ነው። የሌላውን ሰው አንገት ግን ማንም አልያዘበትም ነበር።

በመጨረሻ መላ የመታው የማዶው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። በሰርጉ እንግዳ ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ በዚያን ዘመን ሊቀመንበር ያልተጠራበት ሰርግ እንደ ሴራ ይቆጠራል። «ጓዶች» አለ፣ «ዘመኑ የእኩልነት ነው። ከሁለቱም ወገን እኩል ተራምዳችሁ መሃል ላይ ተገናኙ። ጥሎሹ እዚያው ይዘርጋ፣ ሙሽራዋም እዚያው ትረከብ።»

ሁሉም ደስ አለው። ማንም አልተሸነፈም። ወንዙ መሃል፣ እንቅጩ መሃል ላይ፣ ነጭ አንሶላ ተነጠፈ። ጋሼ ማሞና ሚዜዎቹ ከእኛ በኩል ወረዱ፤ አቶ ገብሬ፣ ታደሰ፣ ሊቀመንበሩና ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኩል። ሴቶቹና እኔ ተራችን እስኪደርስ መኪናው ላይ ቆየን። አንሶላው ላይ ቀሚስ፣ ካባ፣ ሽቶ፣ ጫማና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተደረደረ። ጋሼ ማሞ ጫማውን አገላብጦ አየ። ከዚያ «ጃንጥላው ይከፈት፤ የተቀደደ እንዳይሆን» አለ። ተከፈተ። ደህና ነበር። አንሶላው ላይ እንደተከፈተ አስቀመጡት። ሊቀመንበሩም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አዲሱ ኅብረተሰብ ቤተሰብ ንግግር ጀመረ።

ንግግሩ ገና አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት ያለውን ዘመን እያወገዘ ሳለ ነው ድምፁ የመጣው። ዳንኤል ከጋቢናው አንገቱን አወጣና «መኪና ነው፤ ብዙ መኪና» አለ። የጦር ኮንቮይ መስሎት ነበር። ሁላችንም የመጣንበትን መንገድ ማየት ጀመርን። ድምፁ ግን ከመንገዱ አልነበረም። ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ድርቅ ያየ ሰው ያን ሽታ ሲሸት መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ እኔም አልክድም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ የእትዬ በላይነሽ እጅ ከአንገቴ ላይ ለቀቀ። ቀና አልኩ።

ከወንዙ መታጠፊያ የወጣው ነገር ውሃ አይመስልም። ቡናማ ግድግዳ ነው። ከፊቱ አረፋ፣ ግንድ፣ እሾህ፣ ከሥሩ የተነቀለ ግራር እየገፋ ይመጣል። ሴቶቹ ጮኹ። መሃል ላይ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ እኛን አዩ፣ ከዚያ ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ ክብራቸውን እዚያው ጥለው ሮጡ። የእኛ ሚዜዎች ወደ እኛ፣ የእነሱ ሽማግሌዎች ወደዚያ። ጋሼ ማሞ ብቻ ጥቂት ከሮጠ በኋላ ዞረ። ካባውን ሊያነሳ ነው። ከእጁ የወጣ ንብረት አይደለም፣ ገና አልተረከበውም፤ ግን ቤተሰባችን እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ ነው ታደሰን በትክክል ያየሁት። ከማዶው ዳር ደርሶ ሳለ ተመለሰ። የጋሼ ማሞን ጋቢ ጥርቅ አድርጎ ይዞ እየጎተተው፣ አጎቴ ካባውን እየጎተተ፣ ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ሁለቱም በማዶ አፋፍ ላይ ወደቁ። ካባው አልተረፈም። አንሶላው አንዴ ተነሥቶ ጠፋ። ጃንጥላው ግን ተከፍቶ ስለነበር አልሰጠመም፤ እየተሽከረከረ፣ ጎርፉ አናት ላይ ቁልቁል ወደ ጨው ባሕር ሄደ። ከጥሎሼ ሁሉ መንገዱን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር።

ሰው አልሞተም። ከሁለቱም ዳር እየተጠራራን ቆጠርን፤ ሁሉም አለ። በኋላ የሰማነው ግን ቁልቁል አንድ የፀማይ ሽማግሌ አሸዋው ላይ ውሃ ያጠጣቸው የነበሩ ከብቶቹን አጥቷል። ያን ሁሉ ድርቅ በእጁ ሣር እየሰጠ ያሳለፋቸው ከብቶች በውሃ ሞቱ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ቀልድ አይመጣልኝም።

አሁን ሁኔታችንን ልብ በሉ። ውሃው ምን ጊዜ እንደሚያልፍ አይታወቅም፤ ላይ ዝናቡ ከቀጠለ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ዳንኤል «መኪናው ነገ ጂንካ ካልገባ እኔ እስር ቤት እገባለሁ» ይላል፤ ውሸት አልነበረም። ሙሽራ ደግሞ ከአባቷ ቤት ከወጣች ወደ ኋላ አትመለስም። የተመለሰች ሙሽራ ቤቱን ታረክሳለች፣ ከእሷ በኋላ ያሉ እህቶቿም አይጠየቁም ይባላል፤ ከእኔ በታች ደግሞ እህት ነበረችኝ። ወደ ፊት ጎርፍ፣ ወደ ኋላ ወግ። በዚህ ላይ አስረካቢዬ ጋሼ ማሞ ተረካቢዎቹ ዘንድ ነው።

ሽማግሌዎቹ በማዶ ተሰብስበው መከሩ። ከዚያ ጋሼ ማሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ጋብቻው እዚሁ ይፈጸማል ተብሏል። ቃል ከተሰጠ ሚስት ናት። ሴቶቹ አብረዋት ያድራሉ፣ ውሃው ሲጎድል ትሻገራለች። መኪናው ይሂድ።»

«በጄ» ብላ መለሰች እትዬ በላይነሽ።

«በእሷ ፋንታ እኔ ፈቅጃለሁ» አለ ጋሼ ማሞ ለሊቀመንበሩ። ከማዶ እዚህ ድረስ ተሰማን።

ሊቀመንበሩ ግን ያቺ ያልጨረሳት ንግግር አንገቱ ላይ ቀርታበት ነበር መሰለኝ፣ «አይሆንም» አለ። «አብዮቱ ሴት ልጅ በራሷ አንደበት ትናገራለች ብሏል። ከዚያ ማዶ ናት፣ ልትሰማኝ ትችላለች፤ ራሷ ትበል።»

አብዮቱ ብዙ ነገር ብሏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሊቀመንበሩ በዚያ ሰዓት ያቺን ማስታወሱ የእኔ ዕድል ነው። መቼም ወጋችን እንዲህ ነው፤ ሙሽራ ስትጠየቅ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ካለቀሰች ደግሞ በጣም ፈቅዳለች። ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ይባል የለ? እምቢታ የሚባል ነገር በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ማንም አላስተማረንም። አሁን ግን ውሃው እየጮኸ ነው። ዝምታ ወንዝ አይሻገርም። እንባም ከዚያ ማዶ አይታይም።

«ከፍ በይና ተናገሪ» አለ ሽፈራው። ዳንኤል ከጋቢናው ወርዶ እጁን እንደ እርከን አጣምሮ ጋቢናው ጣሪያ ላይ አወጣኝ። ቆርቆሮው እግሬን ፈጀኝ። እትዬ በላይነሽ ከታች ሆና «እሺ በይና ቶሎ ውረጂ» አለችኝ። ዓይነ ርግቡን ገለጥኩ፤ ካልገለጥኩ እንዴት ይሰሙኛል?

እስቲ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። በሕይወቴ ከዚያ ከፍታ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። ሸለቆው በሙሉ ይታያል። ከሥሬ ያ ቡናማ ውሃ ግንድ ተሸክሞ ይሮጣል። ከማዶ እነዚያ ሁሉ ወንዶች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትንንሽ ሆነው፣ አፌን ያያሉ። ከእኔ አንዲት ቃል ይጠብቃሉ። ማንም ሰው ምንም ነገር ከእኔ ጠብቆ አያውቅም፤ ከውሃና ከእንጨት በስተቀር።

«ሙሽሪት ዘነበች» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ፣ «ታደሰን ለማግባት ወደሽ ፈቅደሻል ወይ?»

ያኔ ገና እምቢ ልል አላሰብኩም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ብቻ ጥያቄው ጥሩ ነበርና ከትክክለኛው ሰው እንዲመጣ ፈለግሁ። «እሱ ራሱ ይጠይቀኝ» ብዬ ጮህኩ።

በማዶ ሁሉም ወደ ታደሰ ዞሩ። ታደሰ ፊት ለፊት ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ጭቃ ሆኗል። አጎቴን ከጎርፍ አፍ የጎተተው ልጅ ነው። እኔን አየኝ። ከዚያ ዞሮ አባቱን አየ። አቶ ገብሬ እጁን አፉ ላይ አደረገና «እሱ ፈቅዷል» ብሎ ጮኸ።

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

ታደሰ ጫማውን አየ። አሁን ግን ጫማው ጥሩ አልነበረም።

እና መጣልኝ። አልቆጣሁም፣ አልፈራሁም፤ እንዲያውም ረጋ ብዬ ነበር። የሚቀጥለውን ዓመት፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም አየሁት፤ አንድ ነገር በጠየቅሁ ቁጥር ያ ልጅ ዞሮ አባቱን ሲያይ፣ እኔም ዞሬ ግድግዳውን ሳይ። «አልፈልግም» አልኩ።

«ምን አለች?» አለ አቶ ገብሬ። ሰምቷል። ሰው ሁለተኛ የሚጠይቀው የሰማውን መመለስ ሲያቅተው ነው። እኔም ደገምኩለት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

እትዬ በላይነሽ ራስዋን ይዛ ተቀመጠች። ጋሼ ማሞ በማዶ ሆኖ የተናገረውን ሁሉ አልሰማሁትም፤ የሰማሁትን አልጽፈውም። ሽፈራው ብቻ ጀሪካኑን ከፈተና ለራሱ ቀዳ። ሚዜዎቹም ተከተሉት። ሰርግ የለም፣ ጠጅ ግን አለ።

መኪናው ላይ አደርን። እኔ ለታደሰ እያዘንኩ ነው ያደርኩት። ሰው ፊት አዋረድኩት፣ ምናልባት ይወደኝ ይሆናል፣ ምናልባት ልቡ ተሰብሮ ይሆናል እያልኩ ሰውየውን በሌለበት ሞሸርኩት። ጠዋት ውሃው ጎድሎ ነበር። ወንዝ ሲያስፈልግ አይቆምም፤ የሚያጣድፈው ሰው ከጠፋ በኋላ ነው የሚረጋው። ታደሰ ብቻውን፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። ሴቶቹ ሲያዩት ደነገጡ። እኔ ከመኪናው ወርጄ ቆምኩ፤ የምለውን የማጽናኛ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

«እንደምን አደርሽ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዜር ይስጥሽ ልልሽ ነው የመጣሁት።» ጫማውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ። «እኔ ወይጦ የምወዳት ልጅ አለች። የፀማይ ልጅ ናት። ለአባቴ መናገር አቃተኝ። ሲያጩልኝም፣ ሲደግሱም፣ ትናንት አንቺ ስትጠይቂኝም አቃተኝ። አንቺ አልሽልኝ።»

ምን ልበላችሁ? እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ ወንድ እምቢ ሲባል ደስ ብሎት ጎርፍ ተሻግሮ ሊያመሰግን ሲመጣ ሴት ልጅ ቅር ይላታል። በጣም ነው ቅር ያለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘንኩለት ሰው እኮ ነው!

«ታዲያ ትናንት ስጠይቅህ ለምን ጫማህን አየህ?» አልኩት።

«አንቺን ካየሁ እንዳላለቅስ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልጨከንኩበትም። «በል ሂድና አባትህን እያየህ ንገረው፤ ጫማህን ሳይሆን» አልኩት። ሳቀ። ጫማውን እንደያዘ ተመልሶ ተሻገረ። ጋሼ ማሞም ከወዲያ ሲመጣ መሃል ላይ ተላለፉ፤ ትናንት አንሶላ የተነጠፈበት ቦታ አካባቢ ነው። አልተጨባበጡም።

ወደ ጂንካ ስንመለስ ጋሼ ማሞ ወሬውን አሰናዳ። «ጎርፍ ነው ሰርጉን ያፈረሰው» ተባባሉ። እትዬ በላይነሽም፣ ሽፈራውም፣ የጠጁ ሽታ እንኳ ሳይለቃቸው ማሉ። ያ ወንዝ ስንት ከብት ፈጅቶ ማንም አልወቀሰውም፤ አሁን ያላጠፋውን ጥፋት ሊሸከም ነው። እኔም ዝም ብል ይሸፈንልኝ ነበር።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አጎቴ ታሪኩን ነገረው። አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ውሃው ጎደለ አላችሁ። ከጎደለ ለምን አልተሻገረችም?» አለ።

ጋሼ ማሞ ጀሪካን ለማውረድ ወደ መኪናው ዞረ።

«አባባ» አልኩ፣ «ፈቅደሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልፈልግም አልኩ።»

«ማነው አንቺን የጠየቀሽ?»

«ሊጠይቁኝ አስበው አልነበረም። ውሃው ቸግሯቸው ነው።»

አባቴ ከበሩ ዞር አለና አሳለፈኝ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። የተመለሰች ሙሽራ ምን እንደምትባል ጂንካ ውስጥ ያልነገረኝ ሰው የለም፤ እህቴን ግን ጠይቀዋታል፣ አግብታለች፣ ቤቱም አልረከሰም። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ አንድ ጠዋት አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ፣ «ትምህርቱን መቀጠል ትፈልጊያለሽ ወይ?» አለኝ።

በሕይወቴ አባቴ ፈቃዴን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ በልማዱ ማልቀስ መፍቀድ ነው ብሎ ስለሚያምን ሄዶ አስመዘገበኝ። ይቺን አንዲት ጊዜ ልክ ነበር።

ሾፌሩን ዳንኤልን አገባች ብላችሁ የጠበቃችሁ አንባቢዎች ይቅርታ፤ ዳንኤል ሚስት ነበረው። እኔ ከዓመታት በኋላ ያገባሁት አንድ መምህር ነው፤ ራሱ ጠይቆኝ፣ ዓይኔን እያየ። ታደሰም የፀማይዋን ልጅ አገባ። አባቱ አኮረፈ፣ ልጅ ሲወለድ ታረቀ። ደርግ ወደቀ፣ ሊቀመንበሩም ጡረታ ወጣ። እስከ ዛሬ ስለ ሴቶች እኩልነት የሠራው ትልቁ ሥራ እኔ ነኝ፤ እሱ ግን አያውቅም።

ዛሬ በዚያ መንገድ ዝናብ የማያስቆማቸው መኪኖች ይመላለሳሉ። መልካም ነው። እኔ ግን ወንዙን ቤቴ ውስጥ አስቀርቻለሁ። ልጆቼ ሲዳሩ ግቢው ጫፍ ላይ አቆማቸዋለሁ፤ እኔ በሌላኛው ጫፍ እቆማለሁ። መካከላችን ሚዜ፣ አክስት፣ ሽማግሌ አይቆምም። «ወደሽ ፈቅደሽ ነው?» እላለሁ ጮክ ብዬ። ሲያንሾካሽኩ «አልሰማሁም» እላለሁ። ሰዎች ጆሮዬ ደክሞ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶቹም የሕመሙን መድኃኒት ነግረውኛል። ትልቋ ልጄ እየሳቀች «አዎ እማዬ፣ አዎ» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት።

ትንሿ ያቺው ቦታ ላይ ቆማ ስጠይቃት ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኋት። አለቀሰች። ሴቶቹ «ወግ ነው» ብለው እልል አሉ።

እኔ ግን ሰርጉን አስቀረሁት፤ ድንኳኑንም በማግስቱ አስፈረስኩት። ስለ ጠጁ እንዳትጨነቁ፤ ሽፈራውን አስጠራንለት።